ግቢ፣ ደረጃና ሰልፍ፦ አዲስ አበባና የነዋሪዋ ጠባይ

አዲስ አበባ ውስጥ «ሰው ተቀየረ፤ ጉርብትና ድሮ ቀረ» ሲባል ያልሰማ የለም። ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ታክሲ ውስጥ ይባላል። እኔ ግን ከሰው በፊት የተቀየረው ቤቱ ነው ባይ ነኝ። በቀን ውስጥ ከማን ጋር እንደምንገናኝ፣ ለማን ሰላምታ እንደምንሰጥና ከማን ጋር እንደምንጣላ የሚወስነው በአብዛኛው የምንኖርበት ቤትና የምንሄድበት መንገድ ነው። ነዋሪውም ዝም ብሎ አይቀበልም። የተሰጠውን ቤት እንደ አኗኗሩ ያበጃጀዋል።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በፕላን አልተሠራችም። እቴጌ ጣይቱ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ። ከዚያም መኳንንቱ ቦታ እየተመሩ በየኮረብታው ሰፈሩ። እያንዳንዱ ወታደሩን፣ አሽከሩንና ባለሙያውን ይዞ ነው የመጣው። ራስ ብሩ ሰፈርና ደጃች ውቤ ሰፈር ስማቸውን ያገኙት እንዲህ ነው። ስለዚህ የጌታው አዳራሽና የሎሌው ጎጆ አጥር ለአጥር ሆኑ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነጭና ጥቁርን ለይቶ ለማስፈር ሞክሮ ነበር። የአገሬውንም ገበያ ከአራዳ አንሥቶ ወደ መርካቶ ወሰደው። ዕቅዱ ግን ሳይፈጸም በ1933 ዓ.ም. ነጻነት መጣ፤ ሀብታምና ድሃ ተቀላቅሎ የመኖሩ ነገርም ቀጠለ።

እድር ያደገው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው እድርን ከገጠር የመጣ ጥንታዊ ልማድ አድርጎ ያስባል። በዛሬው መልኩ የምናውቀው እድር ግን ከተማ ያበቀለው ነው። ከዘመዱ ርቆ አዲስ አበባ የገባ ሰው ሲሞት ማን ይቀብረዋል? ማን ድንኳን ይተክላል? ጎረቤት መዋጮ አዋጣ፣ ድንኳን ገዛ፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት አከማቸ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጠ። ለቀብር የቀረ ይቀጣል። ይህ ሕግ ያለ ምክንያት አልወጣም። መተሳሰብ ለበጎ ፈቃድ ብቻ ቢተው ከተማ ውስጥ እንደማይበረክት ሰዎቹ ስላወቁ ነው።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ሰው ለዓመታት ከቦታው አልተነቃነቀም። ልጅ ሲያገባ ቆጥ ይሠራል፣ ጓዳው ይከፈላል፣ በረንዳው ይዘጋል። አንድ ግቢ ውስጥ በርካታ አባወራ በአንድ ሽንት ቤት፣ በአንድ ቧንቧና በአንድ ቆጣሪ ይኖር ጀመር። የመብራት ሒሳብ በአምፖል ቁጥር ይካፈላል። «እሷ ምጣድ ትጥዳለች፣ እኔ ምን በወጣኝ እኩል እከፍላለሁ» የሚለው ጠብ የየወሩ ነው። በማግስቱ ግን ያቺው ጎረቤት ልጅ ልካ «ቡና ጠጡ» ትላለች። ሽንት ቤቱ ተራ በተራ ይጸዳል፤ ተራውን የዘለለ ስሙ ይነሣል። ሰው ይዋደድ የነበረው ደግ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ሳይነጋገሩ መኖር ስለማይቻልም ነበር። ደግሞ ይህን ኑሮ የሚናፍቅ ሰው ሽታውንና የሚያፈሰውን ጣሪያ መርሳት የለበትም። በተለይ ለሴቶች በሌሊት ወደ ጋራ ሽንት ቤት መውጣት ትልቅ ሥጋት ነበር።

ኮንዶሚኒየም የመጣው ይህን ችግር ሊፈታ ነው። በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀመረ። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በስፋት ተገነባ፦ ጎተራ፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ኮዬ ፈጬ። በ20/80 መርሐ ግብር ተመዝጋቢው 20 በመቶውን ይቆጥብ፣ የቀረውን ባንክ ያበድር ነበር። ቤቱ የሚደርሰው በዕጣ ነበር። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር፤ ይህም ቀድሞ በስሟ ምንም ያልነበራትን ሴት ባለቤት አድርጓታል።

ለእኔ ከሁሉ በላይ ጠባይ የቀየረው ግን ፎቁ ሳይሆን ዕጣው ነው። 30 ዓመት አብረው የኖሩ ጎረቤታሞች አንዱ ለጀሞ፣ ሌላው ለሰሚት ደረሰው። ከጎን ያለው በር የማያውቁት ሰው ሆነ። ዕጣ የደረሳቸው ብዙዎች ደግሞ ቤቱን አከራዩት። ተከራይ በየዓመቱ ከተለዋወጠ ስሙን ማወቅ እንኳ ጊዜ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ቧንቧውም፣ ሽንት ቤቱም፣ ቆጣሪውም በየቤቱ ገባ። የሚያጣላው ነገር ሲጠፋ የሚያገናኘውም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ ብዙ ሰው የድሮ ሰፈሩን እድር አልለቀቀም። እሁድ ለስብሰባ ሁለት ታክሲ ይዞ ይሄዳል።

የ20/80 ሕንፃዎች በአብዛኛው ባለ 4 ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ውሃ ሲጠፋ ማየት ነው። ታች ሮቶው ጋ ጀሪካን ይሰለፋል። አራተኛ ፎቅ የምትኖር እናት ግማሽ ደረጃ ላይ አረፍ ትላለች። ስሟን የማያውቅ ጎረምሳ «ማዘር፣ ይምጣ» ብሎ ይቀበላታል። ብዙ የብሎክ ትውውቅ የተጀመረው በዚህ ደረጃ ላይ ነው። ሰው ሲሞትም አስከሬን በጠባቡ ደረጃ የሚያወርዱት ጎረቤቶች ናቸው። ድንኳን በሁለት ብሎክ መሃል መኪና ማቆሚያው ላይ ይተከላል። ያኔ መኪና የሚያነሣውና የማያነሣው ይታያል፤ ከለቅሶው በኋላም «እኛም የብሎካችን እድር ያስፈልገናል» የሚል ይነሣል።

ሕንፃዎቹን የነደፉት ሰዎች ይህን ጨርሶ አልዘነጉትም ነበር። ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለድግስ ሥራ የሚሆን የጋራ ቤት አብረው አሠርተዋል። አዋጅ ቁጥር 370/1995ም የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር አቋቁመው የጋራ ንብረታቸውን እንዲያስተዳድሩ ይላል። የጋራ ቤቱ ግን በየቦታው ለሌላ ጉዳይ ሲከራይ ይታያል። ቅርጫውም ወደ ውጭ፣ ወደ አስፋልቱ ወጣ። ነዋሪው የቀረውን በራሱ መንገድ ሞላ። በርበሬው በረንዳ ላይ ተሰጣ፣ ከሰሉ ኮሪደር ላይ ተቀጣጠለ፣ በሩ ጋ ጉሊትና ጀበና ቡና ተተከለ። ቡና በስልክ ይጠራል። የብሎኩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የውሃ ሞተሩ ተበላሽቷል፣ እናዋጣ» ይባላል። የሙቀጫ ድምፅም አዲስ ሕግ ወልዷል፤ ታች ያለው ሰው ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ሲያንኳኳ ምን ማለቱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ቤት ከሥራ ሲርቅ ደግሞ መንገዱ ራሱ የኑሮ ቦታ ይሆናል። መገናኛ ወይም ሜክሲኮ አመሻሽ ላይ የታክሲ ሰልፉን ተመልከቱ። «መጨረሻው ማን ነው?» ብሎ የሚገባ፣ «ከኋላህ ነኝ፣ መጣሁ» ብሎ ሶፍት ሊገዛ የሚሄድ አለ። ቦታው ይጠበቅለታል። ሊዘል የሞከረ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጮኽበታል። ተራ አስከባሪ ቢኖርም ሥርዓቱን ያቆመው ተሰላፊው ነው። ታክሲው ውስጥ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ረዳቱ ጋ ይደርሳል፤ መልሱም እንዲሁ ይመለሳል። በዚህ ከተማ የማያውቁትን ሰው ማመን ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለብዙ ሰው መንገድ አቅልሏል። በሐዲዱ ግራና ቀኝ የነበሩ ሰፈሮችን ግን ለያይቷል፤ ፊት ለፊት ወዳለው ሱቅ ለመሻገር ዞሮ መሄድ ግድ ሆነ።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ፒያሳና ካዛንቺስን የመሳሰሉ ነባር ሰፈሮች በከፊል ፈርሰዋል። ሰፋፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተሠርቷል፤ አመሻሽ ላይ ከልጆቹ ጋር ወጥቶ የሚንሸራሸር ሰው በዝቷል። የተነሡት ነዋሪዎች ግን ከሥራቸው፣ ከትምህርት ቤታቸውና ከደንበኞቻቸው ርቀዋል። እንጀራ ጋግራ ለሰፈሩ ትሸጥ የነበረች ሴት ቤት ቢሰጣትም ገበያዋ አብሯት አልሄደም። ለተነሺ ቤት ሲታደል አንድ ግቢ የኖሩ ሰዎች ከፈለጉ በአንድ ብሎክ እንዲመደቡ ቢደረግ ተጨማሪ ሲሚንቶ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስማቸውን አንድ ላይ መመዝገብ ብቻ ነው።