ዲጂታል ቴክኖሎጂና የሙያ ሥነ ምግባር በእንግሊዝኛ መምህራን ሥልጠና

ከመገናኛ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ፣ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ከተመሠረተ ወዲህ ስሙና ደረጃው ደጋግሞ ቢለዋወጥም መምህራንን ማሠልጠኑን አልተወም። ከሥልጠናው ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህራን ዝግጅት የተለየ ክብደት አለው፤ የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ አድርጎ ስላጸናው፣ የእንግሊዝኛው መምህር ድክመት በፊዚክሱም በታሪኩም ክፍለ ጊዜ ይታያል።

ቴክኖሎጂው በስልክ አልጀመረም። እ.ኤ.አ. በ2004 በሳተላይት መሠራጨት የጀመረው የ«ፕላዝማ» ትምህርት መምህሩን ከስክሪኑ አጠገብ አቆመው፤ ትምህርቱ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣም ሥርጭቱ አይጠብቀውም ነበር። ስልክ በአንጻሩ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይመለሳል። ሠልጣኙ የቃላትን አነባበብ ደጋግሞ ያዳምጥበታል፣ የራሱንም ድምፅ ቀርጾ ያነጻጽርበታል።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚከብደው ሠልጣኙ ለተግባር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤት ሲወጣ ነው። አንዲት ተማሪ ምንባብ ስታነብ በእንግሊዝኛ የበግንና የመርከብን መጠሪያ («sheep» እና «ship») ለይታ መጥራት ቢያቅታት፣ አናባቢውን አንዴ አሳጥራ አንዴ አስረዝማ ራሷን እንድትሰማ ድምፅዋን መቅረጽ ጥሩ የማስተማሪያ ዘዴ ነው። ያው ቅጂ ከነስሟ በሠልጣኞች የቴሌግራም ግሩፕ ከተለቀቀ ግን መሳቂያ ያደርጋታል፤ ከዚያ በኋላ ጮክ ብላ ለማንበብ የምትደፍር አይመስለኝም። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለግል መረጃ የሕግ ከለላ ሰጥቷል። ከመቅረጽ በፊት ወላጅን ማስፈቀድ፣ ሥራው ሲያልቅም ቅጂውን ማጥፋት፣ በእኔ እምነት ከትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት እኩል ሊሠለጥኑበት ይገባል።

በ2008 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና የተሰረዘው የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ በመገኘቱ ነበር፤ ሳይኮርጅ ያጠናውም ተማሪ እንደገና ለመፈተን ተገዷል። ዛሬ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የትምህርት ዕቅድም ድርሰትም በደቂቃ ይጽፋል። ሠልጣኙ ለረቂቅ ቢጠቀምበት ነውር የለውም፤ የወሰደውን ሳይናገር፣ ስህተቱንም ሳያርም የራሱ አስመስሎ ካቀረበ ግን ነገ የተማሪውን ኩረጃ ለማረም አፍ አይኖረውም። አሠልጣኙም ድርሻ አለበት፤ የቤት ሥራን በቴሌግራም ብቻ ከሰጠ፣ ዳታ መሙላት ያልቻለው ሠልጣኝ ባላየው መመሪያ ውጤቱን ያጣል።