ትልልቅ የማህደረ ትውስታ ገጾች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በተለመዱት ባለ 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ሊኑክስ የተባለው ስርዓተ ክወና ማህደረ ትውስታን የሚያስተዳድረው ገጾች በሚባሉ ባለ 4 ኪሎባይት ክፍልፋዮች ነው፤ ትልልቅ ገጾች የሚባሉት 2 ሜጋባይት ወይም 1 ጊጋባይት የሚይዙት ናቸው።

«ጥቅማቸው ፍጥነት ብቻ ነው።»
ፕሮሰሰሩ የአድራሻ ትርጉሞችን የሚያስቀምጥበት ቲኤልቢ ጠባብ ስለሆነ፣ ገጹ ሲተልቅ አንዱ ትርጉም ሰፊ ቦታ ስለሚሸፍን ፍጥነት መገኘቱ እውነት ነው። በትልልቅ ሰርቨሮች ላይ ግን ይበልጥ የሚታየው የቦታ ቁጠባው ነው። 64 ጊጋባይት የጋራ ማህደረ ትውስታን በሙሉ የሚነካ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም)፣ ገጾቹ ትናንሽ ከሆኑ እያንዳንዱ ገጽ የት እንዳለ ለሚመዘገብበት የገጽ ሰንጠረዥ ብቻ 128 ሜጋባይት ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ፕሮሰስ በሚከፍተው ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ እንዲህ ያሉ 100 ፕሮሰሶች ቢኖሩ ሰንጠረዦቹ 12.5 ጊጋባይት ይበላሉ፤ በ2 ሜጋባይት ገጾች ግን ወጪው በጠቅላላ 25 ሜጋባይት ያህል ነው።

«ገጾቹን ካስያዝኩ ዳታቤዙ ይጠቀምባቸዋል።»
ከሁሉ የሚጎዳው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ማስያዝ ማለት ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ቦታውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ብቻ ሲሆን፣ ፕሮግራሙ ራሱ ገጾቹን መጠየቅ አለበት። የፖስትግሬስ ነባሪ ምርጫ «ሞክር» ስለሆነ፣ የተያዘው ካልበቃው ሥራውን ሳያቋርጥ ወደ ትናንሾቹ ይመለሳል፤ ኦራክል የተባለው ዳታቤዝም በአውቶማቲክ የማህደረ ትውስታ አስተዳደር ሲሠራ ትልልቆቹን አይጠቀምም። የተያዘው ቦታ ለሌሎች ፕሮግራሞችም ሆነ ለፋይል ካሽ ስለማይሰጥ ኪሳራው እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዳታቤዙ ከተነሣ በኋላ የከርነሉን የማህደረ ትውስታ መረጃ መመልከት ይገባል፦ ነፃ ገጾች ከጠቅላላው ጋር እኩል ሆነው ቃል የተገባላቸው (ለፕሮግራም ተመድበው ገና ያልተነኩት) ደግሞ ዜሮ ከሆኑ፣ ማንም እየተጠቀመባቸው አይደለም።

«ብዙ ማስያዝ ይሻላል።»
አይሻልም። ልኩ ዳታቤዙ የሚጠይቀው የጋራ ማህደረ ትውስታ ለገጹ መጠን ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ ፖስትግሬስ ከ15ኛው ዕትም ጀምሮ ቁጥሩን ራሱ ይነግራል።

«ከርነሉ በራሱ የሚሰጣቸው ገጾችም ያው ናቸው።»
በ2011 ከከርነል 2.6.38 ጋር የመጣው ይህ ስልት ማስያዝን አይጠይቅም፤ ነገር ግን ገጾችን ለማሰባሰብ የሚደረገው ሥራ ባልታሰበ ሰዓት መዘግየት ሊፈጥር ይችላል። ሬዲስ የተባለው ዳታቤዝ ስልቱ እንዲጠፋ ይመክራል። ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝም እንዲሁ ይመክር ነበር፤ ከ8.0 ጀምሮ ግን እንዲበራ ይመክራል። ለሁሉም የሚሠራ አንድ መልስ የለም ማለት ነው።

«በፈለጉት ሰዓት ማስያዝ ይቻላል።»
ማሽኑ ለረጅም ጊዜ ከሠራ በኋላ ማህደረ ትውስታው ስለሚበጣጠስ፣ ከርነሉ ከተጠየቀው ያነሰ ሊሰጥ ይችላል፤ በተለይ የ1 ጊጋባይት ገጾችን ማሽኑ ሲነሣ ማስያዝ ይመረጣል።