መርከቢቱን የመዘገበው አገር ኃላፊነት፦ የማርሻል ደሴቶች ምሳሌ

የግሪክ ባለሀብት መርከብ የማርሻል ደሴቶችን ሰንደቅ ዓላማ እያውለበለበች ስትጓዝ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ደጋግሞ ስለተጠየቀ፣ ነጥቡን በቀላሉ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በ1982 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 94 ግልጽ ነው፤ መርከቢቱን የመዘገበው አገር፣ ባለቤቷ የየትም አገር ሰው ቢሆን፣ ደኅንነቷን የመቆጣጠር፣ የመርከበኞቹን ብቃት የማረጋገጥና ከባድ አደጋ ሲደርስ ምርመራ እንዲካሄድ የማድረግ ግዴታ አለበት።

ግራ የሚያጋባው አፈጻጸሙ ነው። ማርሻል ደሴቶች ከ50 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ይዞ ከዓለም ትልልቅ የመርከብ መዝገቦች አንዱ ያለው አገር ሲሆን፣ የመዝገቡን የዕለት ተዕለት ሥራ የሚያካሂድለት በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት የሚገኝ የግል ኩባንያ ነው፤ የቴክኒክ ፍተሻውንም በአብዛኛው የሚያከናውኑት እውቅና የተሰጣቸው መርማሪ ድርጅቶች ናቸው። ይህ የተፈቀደ ነው፤ ሥራው በውክልና ይተላለፋል፣ ኃላፊነቱ ግን አይተላለፍም። ለምሳሌ መርማሪው ድርጅት የዛገ አካል ሳያስተውል የምስክር ወረቀት ቢሰጥና መርከቢቱ በሌላ አገር ወደብ ብትታገድ፣ እገዳው በማርሻል ደሴቶች ሰንደቅ ዓላማ ስም ይመዘገባል።

የምዝገባ ክፍያው፣ የባለቤትነት መስፈርቱና የተወካዩ ማንነት ከአገር አገር ይለያያሉ። በእኔ እምነት ለትንሽ ደሴት አገር ዋናው መሻሻል ብዙ መርማሪ መቅጠር ሳይሆን ተወካዮቹን በቅርብ የሚቆጣጠሩ ጥቂት የራሷ ባለሙያዎች እንዲኖሯት ማድረግ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ የሆነው የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ኦዲትም ይህንኑ ቁጥጥር ይመረምራል።