ለይቶ ማመስገን ምንድን ነው?

አምስተኛ ክፍል ነው፤ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ። አንዲት ተማሪ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። አንድ ሁለተኛንና አንድ ሦስተኛን እንድትደምር ታዝዛለች። ትንሽ አሰበችና የመጀመሪያውን ወደ ሦስት ስድስተኛ፣ ሌላውን ወደ ሁለት ስድስተኛ ለወጠች። ከዚያ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምራ «አምስት ዐሥራ ሁለተኛ» ብላ ጻፈች። ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰማ።

ደግ መምህር ልጅቱ እንዳትሸማቀቅ ብሎ «ጎበዝ! አጨብጭቡላት!» ይላል። ክፍሉ ያጨበጭባል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። መሳሳቷን ከሳቁ ተረድታለች፤ ጭብጨባው ማባበያ መሆኑም አይጠፋትም። የቱን እንደቻለች፣ የቱ ላይ እንደሳተች ግን የነገራት የለም።

ሌላ መምህር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሁለቱንም ወደ ስድስተኛ ያመጣሻቸው አንቺ ነሽ። የዚህ ጥያቄ ከባዱ ክፍል እሱ ነው፤ በትክክል ሠርተሽዋል። አሁን አንድ ዳቦ ስድስት ቦታ ተቆርሷል እንበል። ሦስት ቁራሽ ይዘሽ ሁለት ብጨምርልሽ፣ ዳቦው ዐሥራ ሁለት ቦታ ይቆረሳል?»

ለይቶ ማመስገን የሚባለው ይህ ሁለተኛው ነው። ተማሪው የሠራውን አንድ የተወሰነ ነገር፣ ትኩስነቱ ሳያልፍ፣ ምን እንደሆነ ጠቅሶ ማድነቅ ማለት ነው። ስሕተቱን አይሸፍንም፤ በስሕተቱ ምክንያት ትክክለኛው ሥራ አብሮ እንዳይጣል ግን ይጠብቃል።

ስለ «ጎበዝ» ትንሽ ልበል። ጎበዝ በጥንት ፍቺው ብርቱ፣ ጦር መያዝ የሚችል ጎልማሳ ነው፤ «የጎበዝ አለቃ» ስንል የምንሰማው እሱን ነው። ቃሉ ስለ ሰውየው እንጂ ስለ ሥራው አይናገርም። ወደ ትምህርት ቤት ሲገባም ይህንኑ ጠባዩን ይዞ ገባ፤ ጎበዝ ተማሪ አለ፣ ሰነፍ ተማሪ አለ። ልጆቹ ገና በጠዋቱ ከየትኛው ወገን እንደሆኑ ያውቃሉ፤ ካርድ ላይ የሚጻፈው ደረጃም በየሴሚስተሩ ያጸናባቸዋል። ከስልሳ ተማሪ ሠላሳ አራተኛ የሚወጣውን ልጅ አስቡት። አይረብሽም፣ አይሸለምም። ስለ ሥራው አንድ የምስጋና ቃል ሳይሰማ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ የዚህ ልጅ ነገር ነው።

በራስ መተማመን ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ ከሰጡት አንዱ ካናዳ ተወልዶ በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሥነ ልቦና ሊቅ አልበርት ባንዱራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ ሰው «ይህን መሥራት እችላለሁ» ብሎ የሚያምንባቸውን አራት ምንጮች ዘርዝሯል፦ ራሱ ሠርቶ ሲሳካለት ማየት፣ መሰሉ ሲሳካለት ማየት፣ «ትችላለህ» ተብሎ መበረታታት፣ እንዲሁም የገዛ አካሉና ስሜቱ የሚነግሩት፣ ለምሳሌ የልቡ መምታት ወይም መረጋጋት። ከአራቱ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው። «ትችላለህ» ብቻውን ደካማ ነው፤ በማግስቱ ፈተና ሲወድቅ ይረሳል።

ለይቶ ማመስገን የሚጠቅመው ቃሉን ከተሠራው ሥራ ጋር ስለሚያስር ነው። ልጅ ብዙ ጊዜ የራሱን ስኬት አያየውም። የአምስተኛ ክፍሏ ልጅ ከሰሌዳው የቀራት ትዝታ «ተሳሳትኩ» የሚል ብቻ ነበር፤ ያንን ከባድ እርምጃ ብቻዋን መራመዷን አላስተዋለችም። ሁለተኛው መምህር ባዶ ተስፋ አልሰጣትም፤ የእጇን ሥራ አሳያት።

ምስጋና ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ከሚያሳዩት ሙከራዎች በጣም የታወቀው ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ያሳተሙት ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጆች እንቆቅልሽ መሰል ጥያቄዎች ሠሩ። ሁሉም ጥሩ መሥራታቸው ተነገራቸው፤ ከፊሎቹ ብልህ በመሆናቸው፣ ከፊሎቹ በመጣራቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ከበድ ያለ ጥያቄ ተሰጣቸውና ውጤታቸው ዝቅ አለ። በሦስተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ቀለል ያለ ሲሰጣቸው፣ ብልህ የተባሉት ከመጀመሪያው ዝቅ፣ ስለ ጥረታቸው የተመሰገኑት ከፍ ብለው ተገኙ። ከሁሉ ልቤን የነካው ሌላው ነው፦ ውጤታቸውን ለማያውቁት ልጅ ጽፈው እንዲነግሩ ሲጠየቁ፣ ብልህ ከተባሉት ዐርባ በመቶ ያህሉ ውጤታቸውን ከፍ አድርገው ዋሹ። «ብልህ» የሚለውን ስም ላለማጣት ነው። በኋላ ሙከራውን የደገሙት ሁሉ እኩል የጎላ ውጤት አላገኙምና ነገሩን እንደ ሕግ አልወስደውም። ሁሌም አንደኛ የነበረ ልጅ ሁለተኛ ወጥቶ ካርዱን ሲደብቅ ያየ መምህር ግን የልጆቹን ውሸት በደንብ ይረዳዋል።

ሙገሳ ሲጋነንም ይጎዳል። ኤዲ ብሩመልማንና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድስ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ልጆች የሣሉት ሥዕል «ቆንጆ» ወይም «በማይታመን ሁኔታ ቆንጆ» ተባለላቸው። ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት ያላቸው ልጆች የተጋነነውን ሲሰሙ ቀጣዩን ሥዕል ቀለል ያለውን መረጡ፤ ያን ያህል የተባለለትን ስም መጠበቅ ያስፈራልና። እኛ ደግሞ ማጋነን የሚቀናን ለእነዚሁ ልጆች ነው፤ ስለምናዝንላቸው።

ይህ ሁሉ ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ አይደለም። ቅኔ ቤትን ተመልከቱ። ተማሪው ሁለት ቤት (ስንኝ) ካላት ጉባኤ ቃና ከምትባል ቅኔ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይወጣል። ቅኔውን ሲቆጥር (ሲያዘጋጅ) ውሎ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል። ቅኔው ሲያምር «ይበል!» ይባላል። «ይበል» የሚባለው ለተነገረው ቅኔ ነው፤ ተማሪው ሥራው እንደሠመረለት ያውቃል። ዛሬም ደስ ያለንን ሥራ «ይበል የሚያሰኝ» እንላለን።

«ያመሰገኑት ሰው ለሐሜት ያስቸግራል» እየተባለ ያደገ መምህር ለምስጋና ቢቆጠብ አይገርምም። ልጁ እንዳይኩራራ ይፈራል። ሥራው ተለይቶ ሲመሰገን ግን የሚያኩራራ ነገር የለውም፤ «ዐረፍተ ነገርህን ከ‹ምክንያቱም› በኋላ በማስረጃ ደግፈኸዋል» ተብሎ ማን ይታበያል? ያልጣረውን «ጥረሃል» ማለትም አይገባም፤ ልጆች ያውቁብናል። ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ ላሉት ደግሞ በክፍሉ ፊት ማቆሙ ሊያሳፍራቸው ስለሚችል ደብተራቸው ላይ መጻፍ ይሻላል።

ስልሳ ተማሪ ላለው ይህ ከባድ መሆኑ እውነት ነው። እኔ በቀን አምስት ደብተር መርጬ ከራይትና ከኤክስ ሌላ አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ በዐሥራ ሁለት የትምህርት ቀን ሁሉም ይዳረሳሉ። ቀድሞ ልጆቹ የተሳሳቱበትን ገጽ ቀድደው ያስረክቡኝ ነበር። አንድ ጊዜ ለአንዱ ዝምተኛ ልጅ «ሦስተኛው ጥያቄ ላይ የመጀመሪያው መንገድ እንደማያስኬድ ራስህ ደርሰህበት ሌላ ሞክረሃል» ብዬ ጻፍኩለት። ደብተሩን ተቀብሎ ወንበሩ ጋ ሳይደርስ ተመለሰና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቲቸር፣ የሰረዝኩትንም ያነቡታል?» አለኝ።