«የተበላሸውን ጂን መቀየር ነው» ለምትሉኝ ሁሉ

የግሩፕ ፕሮጀክት ሰሞን ሲመጣ ከአራት ኪሎ ማተሚያ ቤቶች ባነር ጠቅልለው የሚወጡ ተማሪዎች ይበዛሉ። ዘንድሮ ደግሞ ጂን ቴራፒ፣ ማለትም ሴል ውስጥ ጂን በመጨመር ወይም በመቀየር ማከም፣ ፋሽን ሆኗል። እኔ ጋ ለምክር ከሚመጡት ግሩፖች አብዛኞቹ የያዙት ያው አንድ ርዕስ ነው፤ «ጂን ቴራፒ ለሉፐስ»። ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ከሚያጠቃባቸው (አውቶኢሚዩን ከሚባሉት) በሽታዎች አንዱ ነው። ርዕሱ አሪፍ ነው። ስላይድ ሁለት ላይ ግን ያቺ ሥዕል አትጠፋም። ዲኤንኤ አለ፣ መቀስ አለ፣ ቀዩ ጂን ይወጣል፣ አረንጓዴው ይገባል። ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ሉፐስ የሚመጣው ከአንድ የተበላሸ ጂን ነው፤ እሱን መቀየር ነው»

የትኛው ጂን? ይህን ስጠይቅ ግሩፑ እርስ በርስ ይተያያል። ትንሽ ቆይቶ የግሩፑ ሰቃይ «ኤችኤልኤ» ይላል። እሺ፣ ስድስተኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉት፣ የሰውነት መከላከያው የራሱንና ባዕዱን እንዲለይ የሚረዱት የኤችኤልኤ ጂኖች ከብዙ አውቶኢሚዩን በሽታዎች ጋር ይያያዛሉ። ግን እነዚህ ጂኖች የተበላሹ አይደሉም። ስንትና ስንት ጤነኛ ሰው ይዟቸው ይኖራል። ኤችኤልኤ ቢ27ን ውሰዱ። የአከርካሪ አጥንት መገጣጠሚያዎችን ከሚያደርቀው አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። ሆኖም ጂኑን ከያዙት ሰዎች አብዛኞቹ በዚያ በሽታ ሳይያዙ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ።

ሉፐስ ላይ ደግሞ ከ100 በላይ የዘረመል ቦታዎች ተለይተዋል። እያንዳንዳቸው ትንሽ ትንሽ ነው የሚገፉት። በዚያ ላይ ሆርሞን አለ፣ የፀሐይ ጨረር አለ፣ ኢንፌክሽን አለ። ከ10 የሉፐስ ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው። ጂናቸው አንድ ከሆነ መንትያዎች አንዷ ሉፐስ ቢይዛት እንኳ ሌላዋም የመያዟ ዕድል ከግማሽ በታች ነው። መቀሳችሁን ይዛችሁ የቱን ልትቆርጡ ነው?

በአንድ ጂን ብልሽት የሚመጣ አውቶኢሚዩን በሽታ የለም አላልኩም። አይፔክስ የሚባለው አለ። ፎክስፒ3 የተባለው ጂን ሲበላሽ ወንድ ሕፃናትን ገና በለጋነታቸው የሚይዝ፣ እጅግ ብርቅ የሆነ በሽታ ነው። ያቺን ሥዕል የግድ መሣል ካማራችሁ እሱን ምረጡ።

ሉፐስ ላይ በትክክል የተሠራው ሥራ ግን ከዚህ በጣም ይለያል። በጀርመን ኤርላንገን የጌኦርግ ሼት ቡድን በ2021 እ.ኤ.አ. የአንዲት የ20 ዓመት ወጣት ታሪክ አሳተመ። ከባድ ሉፐስ ነበረባት፤ የተለመዱት መድኃኒቶች አልበገሩትም። ከደሟ ቲ ሴሎች የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች ወሰዱ። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ አዲስ ጂን ጨመሩባቸው። ጂኑ ሲዲ 19 የሚባለውን የቢ ሴል ምልክት ለይቶ የሚይዝ ተቀባይ ይሠራል። ሴሎቹን አባዝተው መልሰው ሰጧት። ካር ቲ የሚባለው ይሄ ነው፤ መጀመሪያ ለደም ካንሰር የተሠራ ሕክምና ነው። ሴሎቹ ገብተው የገዛ ሰውነቷን የሚያጠቃ አንቲቦዲ ምንጭ የሆኑትን ቢ ሴሎች ጠራርገው አጠፏቸው። በ2022 የአምስት፣ በ2024 ደግሞ የ15 ታማሚዎች ውጤት ወጣ፤ ከ15ቱ ሉፐስ የነበረባቸው ስምንቱ ናቸው። ከወራት በኋላ አዳዲስ ቢ ሴሎች ሲመለሱ ሉፐሱ አብሮ አልተመለሰም።

አሁን አስተውሉ። ለሉፐስ ያጋልጣሉ የተባሉት የልጅቷ ጂኖች እንዳሉ ናቸው። አንዱም አልተነካም፤ አንዱም አልተጠገነም። ጂን ቴራፒ ነው፣ ግን የተቀየረ «መጥፎ ጂን» የለም። ስላይዳችሁ ይህን ካልያዘ አኒሜሽኑ ቢያምርም አልገባችሁም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ፈውስ» ብላችሁ አትጻፉ። የታማሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፣ ክትትሉም ገና አጭር ነው። ሴሎቹ ከመሰጠታቸው በፊት ኬሞቴራፒ አለ፤ ከተሰጡ በኋላ ደግሞ ከባድ ትኩሳትና ኢንፌክሽን ሊመጣ ይችላል።

«ቫይረስ ሊወጉን ነው»

አንድ ግሩፕ ውስጥ የነበረች ጎበዝ ልጅ ከስላይዷ አንድ ቃል ደምስሳ አገኘኋት፤ ኤችአይቪ። «ሰው ይደነግጣል» አለችኝ። ይደንግጥ፤ አስረዱት። ጂኑን ቲ ሴል ውስጥ የሚያስገባው ሌንቲቫይረስ የተሠራው ከኤችአይቪ ነው። ግን መባዣ ጂኖቹ ወጥተዋል። አንዴ ገብቶ ጭነቱን ያራግፋል እንጂ አይራባም፤ ኤችአይቪም አያሲዝም። መደንገጥ ካስፈለገ ሌላ ምክንያት አለ። የሚገባው ጂን ክሮሞዞሙ ላይ የማይሆን ቦታ ሊያርፍ ይችላል። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በገበያ ላይ ያሉት ካር ቲ ሕክምናዎች የቲ ሴል ካንሰር ማስጠንቀቂያ እንዲጨምሩ የጠየቀው በዋዛ አይደለም።

«ለልጅ ይተላለፋል»

አይተላለፍም። የተቀየሩት የደም ሴሎች ናቸው፤ እንቁላልና የወንድ ዘር አይደሉም።

«ጂን ቴራፒና ክሪስፐር አንድ ናቸው»

የመጀመሪያው የተፈቀደ የጂን ቴራፒ ሙከራ በ1990 እ.ኤ.አ. ነው የተደረገው። ክሪስፐር እንደ ዲኤንኤ መቁረጫ መሣሪያ የመጣው በ2012 ነው። ሂሳቡን እናንተው ሥሩ።

«አውቶኢሚዩን የበሽታ መከላከያ አቅም ማነስ ነው»

ይሄኛው ከተማሪ ይልቅ ከቤተሰብ ነው የሚመጣው። የአክስቴ ልጅ ሉፐስ አለባት። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ «ኢሚዩኒቲሽ ወርዷል» አላት። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ያልመጣላት ነገር የለም። ዘበኛው ተነሥቶ ባለቤቱን ሲደበድብ ማን ዱላ ያቀብለዋል? ማሩ በራሱ ጉዳት አላደረሰባትም። ችግሩ «አሁንማ ተሻለኝ» ብላ የሰውነት መከላከያውን የሚያበርደውን መድኃኒቷን፣ ፕሬድኒሶሎኗን፣ በአንድ ጊዜ ማቆሟ ነው። መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ኮርቲሶል መሥራት ይቀንሳል። ድንገት ሲቆም ሰውነቱ ባዶውን ይቀራል። ድንገተኛ ክፍል ነው ያገኘናት። ፕሬድኒሶሎን የሚቀነሰው በሐኪም፣ ቀስ በቀስ ነው። ፕሬዘንቴሽናችሁን እናት አባት ሊሰሙት ከመጡ ይህን አረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

«ለምጽ ይጋባል»

በፍጹም። ቆዳ የሚነጣው የራሱ የሰውነት መከላከያ ቀለም ሰሪዎቹን ሴሎች ስለሚያጠቃ ነው። አብራችሁ ብሉ።

«ብር ካለህ ባንኮክ ወይም ሕንድ ሄደህ ትሠራዋለህ»

ሕንድ በ2023 እ.ኤ.አ. የራሷን ካር ቲ አጽድቃለች፤ ግን ለደም ካንሰር ነው። ለሉፐስ ሕክምናው ገና ሙከራ ላይ ነው። በትክክለኛ ሙከራ ደግሞ የሚሞከርብህን መድኃኒት ዋጋ አንተ አትከፍልም። «ስቴም ሴል እንሰጣለን፣ ቅድሚያ ክፈል» የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉ።

«ላብ ስለሌለን ፕሮጀክቱ አይሠራም»

ሰበብ ነው። የሲዲ 19ን የጂን ቅደም ተከተል ኤንሲቢአይ በሚባለው የአሜሪካ የዘረመል መረጃ ቋት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። የሙከራዎቹን መዝገብ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ ላይ ፈልጉ፤ ስንት ሰው እንደሚቀበሉ፣ ማንን እንደማይቀበሉ፣ ምን እንደሚለኩ ተጽፏል። የሚከፈልባቸውን ጆርናሎች በሂናሪ (የዓለም ጤና ድርጅት ለታዳጊ አገሮች ጆርናል የሚከፍትበት ፕሮግራም) በኩል ከቤተ መጻሕፍቱ ጠይቁ። ሥራውንም በስላይድ ቁጥር አትከፋፈሉት። አምስታችሁም የ2022ቱን ጥናት ሙሉውን አንብቡ፤ ከዚያ አንዳችሁ ጎንዮሽ ጉዳቱን ብቻ ይዛችሁ የቀሩትን አራቱን በጥያቄ አፋጥጡ።