ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ

የጎጃም ገበሬ ለዚህ ተረት የመጀመሪያ ክፍል ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሞፈርና ቀንበር ይዞ ሰማይ ላይ በሬ የሚጠምድ የለም። ንጉሥን መክሰስም እንደዚያው ከንቱ ድካም ነው ይላል ተረቱ።

መነሻው የድሮው ዳኝነት ነው። ፍርድ የሚመነጨው ከዙፋኑ ነበር። የመጨረሻው ይግባኝ የሚቀርበውም ለራሱ ለንጉሡ ነው። ታዲያ እሱን ለማን ትከሰዋለህ? በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩም የማይደፈር ነው ብሎ ጻፈው። ዛሬ ተረቱ የሚነገረው ባለሥልጣን የበደለውን ሰው ለመምከር ነው፤ "ተው ልጄ፣ ይቅርብህ" እንደማለት።

ጎጃም ግን ምክሩን ሁልጊዜ አልሰማም። በ1960 ዓ.ም. አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ገበሬው ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ ሰጋ። አቤት አለ። ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃ አነሳ፣ ጦርም ዘመተበት። በኋላ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተሰረዘ። አቤቱታው በጊዜው ቢደመጥ ኖሮ ያ ሁሉ ደም ለምን ይፈስ ነበር? የጥንት ነገሥታት እንኳ "እረኛ ምን አለ?" ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል።

አሁን ዙፋን የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ሐሳቡን የመግለጽ ነፃነት አለው ይላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ የንጉሥ መብዛት ነው። እያንዳንዱ ወገን የማይከሰስ የራሱን ንጉሥ አንግሧል። መንግሥትን የነቀፈ "ጽንፈኛ" ይባላል። ታጣቂውን የነቀፈ "ባንዳ" ይባላል። ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው አጠገቡ ማን እንደተቀመጠ ሳያይ አፉን አይከፍትም።

ባንዳ የተባለውም ይናገር፣ ጽንፈኛ የተባለውም ይናገር። ሰው ግደሉ ብሎ መቀስቀስ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ በሕግ ይጠየቃል። ከዚያ ውጪ ግን በሐሳቡ የታሰረ ሁሉ ሊቆጨን ይገባል። የራስ ወገን ሲታፈን መጮኽማ ማንም ይችላል። ከባዱ ነገር ሐሳቡን የምንጠላው ሰው ሲታሰር "ይፈታ" ማለት ነው። እስካሁን ይህን የሚል ሰው ከሁለቱም ወገን ስድብ ነው የሚያተርፈው።

የአገራችን ሽማግሌዎች እኮ ሲያስታርቁ ሁለቱንም ተራ በተራ ነው የሚያናግሩት። ተበዳይ እየተናገረ በዳይ ጣልቃ ከገባ "ቆይ፣ ተራህ ይደርሳል" ይባላል። ተራው ሲደርስም በዳይ ነህ ብሎ አፉን የሚዘጋው የለም።