የማይክልሰንና የሞርሊ ሙከራ፦ ያልተገኘው ነፋስ

የማይክልሰንና የሞርሊ ሙከራ በ1887 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ክሊቭላንድ ከተማ የተደረገ የፊዚክስ ሙከራ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «ከሸፈ» ከተባሉ ሙከራዎች የዚህን ያህል ስሙ የገነነ አይገኝም። ሁለቱ ሰዎች የፈለጉትን ነገር አጡት። ነገሩ ጭራሽ እንደሌለ የታወቀው ግን ቆይቶ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው እምነት እንዲህ ነው። ድምፅ የሚጓዘው በአየር ነው። የባሕር ሞገድም ያለ ውሃ አይሆንም። ብርሃንም ሞገድ ከሆነ የሚጓዝበት ነገር ያስፈልገዋል ተባለና ኤተር የሚል ስም ወጣለት። (በሕክምና ለማደንዘዣ ይሰጥ ከነበረው ኤተር ጋር ከስሙ በቀር የሚያገናኘው የለም።) ማንም አላየውም፤ ግን ጠፈሩን ሁሉ ሞልቶታል። ዛሬ ላይ ሆኖ መሳቅ ቀላል ነው። ያኔ ግን አንቱ የተባሉት የፊዚክስ ሊቃውንት ያመኑበት ጉዳይ ነበር።

ምድር በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትከንፋለች። ታዲያ በሞተር ሳይክል የሚበር ሰው ፊቱን ነፋስ እንደሚመታው፣ ምድርንም የኤተር ነፋስ ሊመታት ይገባል። በነፋሱ መስመር ሄዶ የሚመለስ ብርሃንና ነፋሱን አቋርጦ ወደ ጎን ሄዶ የሚመለስ ብርሃን እኩል ሊደርሱ አይችሉም።

አልበርት ማይክልሰን ይህን ልዩነት ለመለካት መጀመሪያ የሞከረው በ1881 በጀርመን፣ ፖትስዳም ነው። ምንም አላገኘም። ብዙም ሳይቆይ ስሌቱ ውስጥ ስህተት ወጣ። ወደ ጎን የሚሄደውን ጨረር ነፋሱ አይነካውም ብሎ ነበር ያሰላው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ፖቲየ፣ ኋላም ሆላንዳዊው ሄንድሪክ ሎሬንትስ ስህተቱን አሳዩት። ሲታረም የሚጠበቀው ልዩነት በግማሽ ወረደ። መሣሪያው ደግሞ ይህን ያህል ትንሽ ነገር በእርግጠኝነት መለየት አይችልም። ስለዚህ ምንም አለማግኘቱ ራሱ ምንም አያረጋግጥም። በደንብ ሳይለካ የከሸፈ ሙከራ ማንንም አያስተምርም፤ የ1887ቱን ሙከራ ትልቅ ያደረገው ይህን ማረሙ ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ከኬሚስቱ ኤድዋርድ ሞርሊ ጋር ምድር ቤት ውስጥ ሥራ ጀመሩ። ጎንና ጎኑ 1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ትልቅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አመጡ። ድንጋዩን ሜርኩሪ በሞላበት ክብ ገንዳ ላይ አንሳፈፉት። እንዲህ ሲሆን ሳይንገጫገጭ ይሽከረከራል። በአራቱም ማዕዘን መስታወቶች ተተከሉ። ብርሃኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ አንዱ ከሌላው ጎን ለጎን ሳይሆን ተሻግሮ በመስታወቶቹ መካከል እየተመላለሰ እያንዳንዱ 11 ሜትር ያህል መንገድ እንዲያገኝ ተደረገ። ድንጋዩ በስድስት ደቂቃ አንድ ጊዜ ይዞራል። ተመልካቹም ዓይኑን ከማጉያው ሳይነቅል አብሮት እየዞረ፣ በአንድ ዙር በ16 ነጥቦች ላይ ንባብ ይወስዳል። የሚያየው ሁለቱ ጨረሮች ተመልሰው ሲገናኙ የሚፈጠሩትን፣ ተራ በተራ የተደረደሩ ደማቅና ጨለማ መስመሮች ነው። ነፋሱ ካለ መስመሮቹ ከቦታቸው ይንቀሳቀሳሉ።

የተጠበቀው የአንድ መስመር ስፋት 0.4 ያህል ፈቀቅ ማለት ነበር። የታየው የዚህን 1/20 እንኳ አልሞላም። በየሦስት ወሩ ሊደግሙት አስበው ነበር፤ ሳይደግሙት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኤተርን ለማዳን ብዙ ተለፋ። አየርላንዳዊው ጆርጅ ፊትዝጀራልድ በ1889፣ ሎሬንትስም በ1892፣ ዕቃ በሚጓዝበት አቅጣጫ በትንሹ ያጥራል፤ ልዩነቱ ያልታየውም ለዚህ ነው የሚል ሐሳብ አመጡ። በ1905 አልበርት አይንስታይን ኤተር አያስፈልግም ብሎ ተወው። የክሊቭላንዱ ሙከራ በእሱ ላይ ምን ያህል ተጽዕኖ እንደነበረው የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ማይክልሰን በ1907 ኖቤል ቢሸለምም፣ የተሸለመው ለትክክለኛ የብርሃን መለኪያዎቹና በእነሱ ለሠራቸው ልኬቶች ነው። ኤተርን ደግሞ እስከ ዕለተ ሞቱ ከልቡ አልጣለውም። መሣሪያው ግን ከኤተር በላይ ዕድሜ አገኘ። በ2015 የስበት ሞገድን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘው ላይጎ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ጣቢያ በዚያው አሠራር የተገነባ ነው፤ የአንዱ ክንዱ ርዝመት 4 ኪሎ ሜትር ነው።

«ነፋሱን አገኘሁት» ያለ ሰውም ነበር። ዴይተን ሚለር በ1920ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ በማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ ሙከራውን በትልቅ መሣሪያ ደጋግሞ፣ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ነፋስ እንዳየ አሳወቀ። ለዚህም ሥራው ተሸለመ። በ1941 ሲሞት ሐሳቡን አልቀየረም ነበር። በ1955 ሮበርት ሻንክላንድና ባልደረቦቹ የሚለርን መዝገቦች እንደገና መረመሩ። ነፋስ የተባለው በአብዛኛው የመጣው ከመሣሪያው ክፍል ሙቀት መለዋወጥ ነው ብለው ደመደሙ።